ልጆቹ በረዶ እናይ ብለዋል፤ የት እና መቼ ይሂዱ?

ልጆችዎ ፊልም ላይ ያዩትን ነጭ በረዶ እያሳዩ «እኛስ መቼ ነው የምናየው?» ብለው ጠይቀውዎት ይሆናል። ወይም ዋሽንግተን ያለችው እህትዎ በቪዲዮ ደውላ በመስኮቷ በኩል ግቢዋን ስታሳያችሁ ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ አይቶ ይሆናል። ጥያቄው የልጅ ቢመስልም መልሱ የአዋቂ ገንዘብ ይጠይቃል። የአውሮፕላን ትኬቱ፣ ቪዛው፣ ከሥራ የሚወሰደው ፈቃድ፣ ወፍራም ልብሱ ሲደመር አንድ ቤተሰብ በዕድሜው አንዴ ወይም ሁለቴ የሚሞክረው ጉዞ ነው። ይህን ሁሉ ከፍለው ሄደው ሦስት ሳምንት ሙሉ ግራጫ ሰማይና ካፊያ ብቻ አይተው ቢመለሱስ? «እዚያ አገር በረዶ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ «በየስንት ጊዜው ይወርዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው ደግሞ በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። እኛ በረዶ የምንለው ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። ከፍሪጅ የሚወጣውም በረዶ ነው፤ ቆርቆሮውን እንደ ጠጠር የሚደበድበውም በረዶ ነው፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም በረዶ ነው። የቀድሞ መጻሕፍት ለመጨረሻው «አመዳይ» የሚል የራሱ ስም አላቸው፤ በዛሬ ንግግራችን ግን ብዙም አይሰማም። አዲስ አበባ ላይ ግቢውን ነጭ የሚያለብሰው የዝናብ ወቅት በረዶ የሚሠራው በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ነው። ወደ ላይ የሚገፋ ኃይለኛ አየር የውኃ ጠብታዎቹን ወደ ቀዝቃዛው ከፍታ ይዟቸው ይወጣል፤ እዚያ በላይ በላዩ እየተደራረቡ ይጋገራሉ፤ ሲከብዱት ይለቃቸዋል። ለዚህ ምድሩ መቀዝቀዝ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሞቃት ጠዋት በኋላ ነው። ጥጥ መሳዩ በረዶ ግን ከደመናው ጀምሮ እስከ መሬት ድረስ ያለው አየር ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይፈልጋል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በረዶው የማይወርድባት ለዚህ ነው። ብርዷ የሚበረታው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ነው። ዝናቧ የሚመጣው ደግሞ በሰኔና በሐምሌ፣ አየሩ ለስለስ ባለ ጊዜ ነው። ብርዱ ሲመጣ ደመናው የለም፤ ደመናው ሲመጣ ብርዱ የለም። ሁለቱ በአንድ ቀን መገናኘት አለባቸው።

ይህን ከያዙ የዓለምን ካርታ በሌላ ዓይን ያዩታል። የደቡብ ዋልታ ከምድር ሁሉ እጅግ ቀዝቃዛ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ሆኖም በዓመት የሚወርድበት አዲስ በረዶ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። አየሩ ከመቀዝቀዙ የተነሣ እርጥበት መሸከም አይችልም፤ ሊቃውንቱም አንታርክቲካን ከበረሃ ይቆጥሯታል። እዚያ ያለው ተራራ የሚያህል በረዶ ሳይቀልጥ በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ነው። በአንጻሩ በሰሜን ጃፓን ያለችው አኦሞሪ ከኒው ዮርክ ጋር በአንድ የኬክሮስ መስመር ላይ ትገኛለች። ኒው ዮርክ በአማካይ በዓመት 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ ሲወርድባት አኦሞሪ ላይ ከ5 ሜትር በላይ ይወርዳል። ምክንያቱ ባሕሩ ነው። ከሳይቤሪያ የሚነሣው ደረቅ ቅዝቃዜ በጃፓን ባሕር ላይ ሲያልፍ ከሞቀው ውኃ እርጥበት እየጠጣ ይመጣል፤ ተራሮቹ ሲያቆሙት ሁሉንም እዚያው ያራግፈዋል። ከከተማዋ ወጣ ብላ ባለችው ሱካዩ በምትባል የፍል ውኃ ስፍራ አማካዩ ከ17 ሜትር ያልፋል። አምስት ፎቅ ያለው ሕንፃ ከፍታ በሉት። ሳፖሮ የምትባለው ሌላዋ የጃፓን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በየፌብሩዋሪው የበረዶ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች፤ ሁለት ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሕዝብ በየዓመቱ ከ4 ሜትር በላይ በረዶ እየጠረገ ወደ ሥራው ይሄዳል። «በረዶ ሳላይ አልመለስም» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም፤ ችግሩ ርቀቱና ዋጋው ነው።

አሁን ወደ እኛ የቀን መቁጠሪያ እንመለስ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። እኛ «ክረምት» ስንል ዝናቡን፣ ጭቃውንና የትምህርት ቤቱን መዘጋት ነው የምናስበው። ፈረንጁ «ዊንተር» የሚለውን በአማርኛ ክረምት ብለን ስንተረጉመው ግን ወሩ ይገለበጣል። የእነሱ ዊንተር የእኛ በጋ ነው፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት። ልጆቹ ረጅም እረፍት በሚያገኙበት በሐምሌና በነሐሴ አሜሪካና አውሮፓ በሙቀት ይጠበሳሉ። በነሐሴ ሚኒያፖሊስ ሄደው በረዶ ቢፈልጉ የሚያገኙት በአይስክሬም ቤት ብቻ ነው።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ በጥር መጨረሻ የምትገኘውን አጭር የመንፈቀ ዓመት እረፍት ይጠቀማሉ፣ ወይ በሐምሌ በረዶ ያለበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው የማይቻል አይደለም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዩንግፍራውዮኽ የሚባለው የተራራ ባቡር ጣቢያ 3,454 ሜትር ላይ ነው፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ መንገደኛ ያመላልሳል፤ ከላይ በሐምሌም በረዶው አለ። ትኬቱ ውድ ነው፤ ነገር ግን ሕፃንም አያትም ሳይደክሙ ተቀምጠው ይደርሳሉ። ወደ ደቡብ የምድር ክፍል ከሄዱ ደግሞ ወቅቱ ራሱ ይገለበጣል። ሌሶቶ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አልፎ አፍሪስኪ የሚባል የበረዶ መንሸራተቻ አላት፤ የሚሠራው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው፤ ከጆሃንስበርግ በመኪና የግማሽ ቀን ያህል መንገድ ነው። ሰማዩ የነፈገውን በማሽን በረዶ እየሠሩ ይሞሉታል፤ ልጆቹ ልዩነቱን የሚያውቁ አይመስለኝም። የደቡብ አፍሪካንም የሌሶቶንም ቪዛ አስቀድመው ያጣሩ፤ ድንበር ላይ ደርሶ መመለስ አለና። ጆሃንስበርግ ከተማ ላይ ግን በረዶን አይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 እና በጁላይ 2023 ወርዶ ነበር፤ በመካከሉ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። በ2023 ሲወርድ ትምህርት ቤት ያሉ ብዙ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያዩት።

አብዛኛው አንባቢያችን ግን የሚሄደው ዘመድ ወዳለበት ነው፤ ስለዚህ ዋሽንግተን ላይ ትንሽ እንቆይ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለው ዘመድዎ «እዚህ በረዶ ይጥላል» ቢልዎት አልዋሸም። የዋሽንግተን አማካይ በዓመት 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን አማካይ የሚባለው ቁጥር ብዙ ይደብቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻና በ2010 መጀመሪያ በነበረው ወቅት 142 ሴንቲ ሜትር ወረደ፤ ከተማው ለቀናት ቆመ። ከ2022 ወደ 2023 በተሻገረው ወቅት የወረደው ግን በአጠቃላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ነበር። አንድ! ያን ጊዜ ልጆቹን ይዞ የሄደ ቤተሰብ ያየው ብርድ ብቻ ነው። በጃንዋሪ 2016 በመጣው ትልቅ ማዕበል ደግሞ ከተማው አጠገብ ባለው አየር ማረፊያ 45 ሴንቲ ሜትር ሲለካ፣ የአዲስ አበባው አውሮፕላን በሚያርፍበት በደለስ 74 ሴንቲ ሜትር ተለካ። በአንድ ማዕበል። ወንዙና ባሕሩ ዳር ያለው አየር ትንሽ ሞቅ ስለሚል በረዶው ብዙ ጊዜ እዚያ ወደ ዝናብ ይለወጣል፤ ሁለት ዲግሪ የማይሞላ ልዩነት ነው ነጭ ማለዳንና ጭቃን የሚለየው። ዋሽንግተን ላይ ዕድልዎን መሞከር ከፈለጉ ከገና እስከ የካቲት አጋማሽ ያለውን ጊዜ ይያዙ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆዩ፤ ለልጆቹም ቃል አይግቡላቸው።

ሚኒሶታ ላይ ቃል መግባት ይቻላል። ሚኒያፖሊስ በዓመት 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርድባታል፤ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ስለሆነ የወረደው ቶሎ አይቀልጥም። ዴንቨርም ከአንድ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ ፀሐይዋ ግን እንደ አገራችን ደጋ ፀሐይ ናት፤ ማታ የወረደውን በማግሥቱ ከሰዓት ታነሣዋለች። የዴንቨር ነገር የሚገርመው ብዙ በረዶ የሚወርድባት ወር ማርች መሆኑ ነው፤ በእኛ የካቲት መጨረሻና መጋቢት። ቶሮንቶም ከአንድ ሜትር በላይ አላት። ሲያትል ግን ካርታው ላይ ከዋሽንግተን በብዙ ርቀት ወደ ሰሜን ብትሆንም አማካይዋ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከፓስፊክ የሚነፍሰው አየር ያሞቃታል። ሲያትል ላለ ዘመድዎ ጃንጥላ ይጠይቁት እንጂ በረዶ አይጠይቁት።

አንድ የቋንቋ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ያለው ወንድምዎ «ዛሬ 20 ዲግሪ ነው» ቢልዎት ሹራቡን ከሻንጣ እንዳያወጡ። የሚናገረው በፋራናይት ነው፤ በእኛ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 7 ያህል ማለት ነው። ውኃ በረዶ የሚሆነው በእነሱ 32 ላይ ነው። «ስድስት ኢንች ወረደ» ካለዎት ደግሞ በሁለት ተኩል ያባዙት፤ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የልጅ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል።

ኢየሩሳሌም ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ስሌት አላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር ያህል ስለሆነች በአንዳንድ ዓመት በረዶ ታያለች፤ በአንዳንዱ ጨርሶ አታይም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ግን መንገዶቿ ተዘግተው፣ መብራት ተቋርጦ፣ ከተማው ለቀናት ተቆራረጠ። በመኪና አንድ ሰዓት ያህል የምትርቀው ቴል አቪቭ ባሕር ዳር ስለሆነች እስካሁን የሚወራላት የፌብሩዋሪ 1950ው በረዶ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዋሪ ደግሞ በረዶ የሚያየው በዱባይ የገበያ ማዕከል ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በተከፈተው የቤት ውስጥ መንሸራተቻ። በጥቂት ዓመታት አንዴ ደግሞ በራስ አልኸይማ ተራሮች አናት ላይ እውነተኛው ይወርድና የአገሩ ሰው መኪናውን አስነሥቶ ሊያይ ይወጣል። ብርቅ ነገር ግን ሁልጊዜ ደስታ ብቻ አያመጣም። በኤፕሪል 2024 በኤምሬቶች አንድ አካባቢ በአንድ ቀን ውስጥ 254 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ፤ በዚያ አገር ይህ ከሁለት ዓመት ዝናብ የማያንስ ነው። መንገዶቹ የተሠሩት ዝናብ አልፎ አልፎ ይመጣል ተብሎ ነበርና መኪናው ሁሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ቀረ።

በዝናብም ቢሆን ያው የ«ስንት ጊዜ» ጥያቄ ይመጣል። ለንደን የዝናብ ከተማ ናት ይባላል አይደል? በዓመት የምታገኘው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ እጥፉን ታገኛለች። ልዩነቱ አከፋፈሉ ነው። የእኛው ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው በሐምሌና በነሐሴ ተጠናቆ ይወርዳል፤ የለንደኑ ከመቶ በላይ ቀናት ላይ ተበትኖ በካፊያ መልክ ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ወደ ለንደን ሲሄዱ ወሩ ምንም ይሁን ቀላል የዝናብ ጃኬት ይያዙ፤ የነሐሴን የአዲስ አበባ ዶፍ የሚችል ጃንጥላ ግን አያስፈልግዎትም።

አሁን ስለ እናቶች እናውራ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከልጆቹ ይልቅ የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት የሚሄዱ እናቶች ጉዟቸውን የሚወስነው የመውለጃው ቀን እንጂ የአየር ጠባዩ አይደለም። ሻንጣቸው በሽሮ፣ በበርበሬ፣ በበሶና በገንፎ ዱቄት ይሞላና ለጫማ ቦታ አይተርፍም። በሚያማምረው ለስላሳ ሶል ጫማቸው ደለስ ወይም ሚኒያፖሊስ ይወርዳሉ። አደገኛው በረዶ ግን ያ ነጩ አይደለም። ቀን የቀለጠው ውኃ ማታ ተመልሶ ሲረጋ አስፋልቱ ላይ እንደ መስተዋት ይሆናል፤ ጥቁሩን አስፋልት ያሳያል እንጂ ራሱ አይታይም። በስልሳና በሰባ ዓመት እንዲህ ወድቆ ዳሌን መስበር ማለት ለወራት መተኛት ማለት ነው፤ በጉብኝት ቪዛ ለመጣ ሰው የሕክምናው ወጪ ደግሞ ሌላ መከራ ነው።

ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት የጉዞ የጤና መድን ይግዙላቸው፤ እዚያ ያለችው ልጅም ሶሉ ጎርበጥ ያለ፣ ውኃ የማያስገባ ቦት ጫማ ገዝታ አየር ማረፊያ ድረስ ይዛ ትምጣ። የእናትን እግር ቁጥር አስቀድሞ መላክ ምንም ወጪ የለውም። ደረጃው ላይና በሩ ፊት ጨው ይበተን፤ እዚያ አገር የመንገድ ጨው በየመደብሩ ይሸጣል። ሲራመዱ እርምጃቸውን ያሳጥሩ፣ እጃቸውን ከኪስ ያውጡ። ጋቢው ቤት ውስጥ ይጠቅማል፤ ውጭ ግን ጥጥ ከረጠበ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቀራል፤ ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ንፋስና ውኃ የማያስገባ ካፖርት ይሻላል።

ልጆችም መኪናም ካሉ አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ያስታውሱ። በረዶ ጭስ ማውጫውን ከደፈነው ሞተሩን አስነሥቶ ማሞቂያ እየከፈቱ ውስጥ መቀመጥ ይገድላል፤ ሽታ የሌለው ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ማውጫው ይጠረግ፣ ከዚያ ሞተሩ ይነሣ። የማዕበል ማስጠንቀቂያ ከተነገረ ደግሞ «ቅርብ ነው» ብለው አይውጡ። ቡፋሎ ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ሁሉ ለበረዶ የለመደች ናት፤ ከኢሪ ሐይቅ የሚነሣው እርጥበት በየዓመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ያወርድባታል፤ ነዋሪው አካፋውን ከበሩ ኋላ አያነሣም። ሆኖም በዲሴምበር 2022 በፈረንጆቹ ገና ሰሞን በመጣው ማዕበል በከተማውና በአካባቢው ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አንዳንዶቹ መኪናቸው ውስጥ እንደተዘጉ።

«ይህ ሁሉ ጉዞ ለምን? አገራችን ተራራ አይደለችም ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የአፍሪካ ትልቁ ተራራ ኪሊማንጃሮ ለምድር ወገብ ቀርቦ አናቱ ላይ በረዶ ተሸክሟል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1912 ከነበረው ግግር በረዶ ከ80 በመቶ በላይ ጠፍቷል፤ አናቱ ድረስ መውጣትም የብዙ ቀን የእግር መንገድ ስለሆነ ለትንንሽ ልጆች አይመከርም። የእኛው ሰሜን ተራራ ደግሞ የራሱ የቆየ ታሪክ አለው። በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴና ተጓዥ አዱሊስ ወደብ ላይ በድንጋይ የተቀረጸ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ ገልብጦ አቆይቶልናል። ንጉሡ ዘመቻዎቹን ሲዘረዝር በሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለ ያስመዘግባል። ዛሬ እንዲያ ያለ አይጠብቁ። ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሸንና በአካባቢው ከፍታዎች በረዶ አልፎ አልፎ ይወርዳል፤ ቀጠሮ ግን የለውም፤ ፀሐይ ሲወጣም ብዙ አይቆይም።

ቀጠሮ የሚያከብረው ውርጩ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሰሞን፣ ከ3,600 ሜትር በላይ በሆኑት በግጭና በጨነቅ ሰፈሮች ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርድና ሣሩ በነጭ ብናኝ ተሸፍኖ ያድራል፤ በባልዲ የተቀመጠ ውኃ ላይ እንደ መስኮት መስታወት የሳሳ በረዶ ይገኛል። ልጆች በእጃቸው አንሥተው በውስጡ ፀሐይን ሊያዩ ይችላሉ፤ ጭላዳዎቹም በዚያው ሰዓት ከገደሉ ላይ መውጣት ይጀምራሉ። ከደባርቅ የሚወጣውን መንገድ ወቅታዊ ሁኔታ ጠይቀው፣ ወፍራም ብርድ ልብስና የእጅ ጓንት ጨምረው ይሂዱ። ልጆቹን ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይቀስቅሷቸው፤ ሦስት ሰዓት ሲሞላ ሣሩ ላይ የሚቀረው ጤዛ ብቻ ነው።